መካን ያስባለ ጠባሳ

በ1872 ቦን ከተማ ውስጥ አንዲት የጀርመንኛ መጽሐፍ ታተመች። ጸሐፊው ኤሚል ኖገራት ይባላል። ቦን ተወልዶ ኋላ ኒው ዮርክ የከተመ የማህፀን ሐኪም ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፏ የምታወራው ስለ ጨብጥ ነው፤ ያውም በሴት ልጅ ሰውነት ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚቀመጥ ጨብጥ።

የኖገራት ክርክር የሚነሳው ከአንድ ተደጋጋሚ ታሪክ ነው። ሰውዬው በወጣትነቱ ጨብጥ ይዞት ነበር። ሲሸና አቃጠለው፣ መግል ወጣው፣ ጥቂት ሳምንት ተሠቃየና ተወው። "ድኛለሁ" ብሎ ረሳው። ከዓመታት በኋላ ሚስት አገባ። ሙሽሪት ስትገባ ጤነኛ ነበረች። ብዙም ሳይቆይ ግን ከእምብርቷ በታች ያማት ጀመር፤ ልጅ አልመጣም። ወይ ደግሞ አንድ ወለደችና በዚያው ቀረ። ሐኪም ዘንድ የምትሄደው እሷ፣ የምትመረመረው እሷ፣ "ደካማ ናት" የምትባለውም እሷ። ኖገራት ያለው ነገር አጭር ነው፦ ሰውየው አልዳነም ነበር። በሽታው ተኛ እንጂ አልወጣለትም። መካን ያስባላትን ነገር ቤት ይዞ የገባው እሱ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1876፣ የአሜሪካ የማህፀን ሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያ ጉባኤውን ኒው ዮርክ ላይ ሲያደርግ ኖገራት ተነስቶ ይህንኑ ተናገረ። አብዛኞቹ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ራሱም አጋኗል። የከተማው ወንድ አብዛኛው ጨብጥ ይዞታል፣ የያዘውም ከሞላ ጎደል አይድንም እስከማለት ደርሶ ነበር። ማስረጃ አምጣ ቢባል የሚያሳየው ጀርም አልነበረውም፤ ጀርሙ ገና አልተገኘም። ግን ሌላም ችግር ነበር። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሐኪሞች በሙሉ ወንዶች ናቸው። ደንበኞቻቸው የተከበሩ ቤተሰቦች ናቸው፤ የምርመራውን ክፍያ የሚከፍለው ባል ነው። "ሚስትህን ያሳመምካት አንተ ነህ" ብሎ ነገር ማን ይጀምራል?

የጨብጥ ታሪክ ከዚህ ነጥብ ላይ ሲታይ መልኩ ይቀየራል። ብዙ ጊዜ የሕክምና ታሪክ ሲነገር "ጀርሙ መቼ ተገኘ፣ መድኃኒቱ መቼ ተሠራ" እየተባለ ነው። ለዚህኛው ግን ትልቁ ጥያቄ "ማን ተመረመረ?" የሚለው ይመስለኛል። ሳይንሱ ወደፊት የተራመደባቸውን ጊዜያት አንድ በአንድ ብታዩ፣ አንድ ሰው ዓይኑን ከሴትየዋ ላይ አንስቶ ሌላ ቦታ የተመለከተባቸው ጊዜያት ናቸው።

በኖገራት ዘመን የነበረውን እምነት እናስታውስ። ጨብጥ ለወንድ ልጅ እንደ ጉንፋን የሚቆጠር ነገር ነበር። ይይዛል፣ ይለቃል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ሀንተር ጨብጥና ቂጥኝ አንድ በሽታ ናቸው ብሎ ስላስተማረ ሁለቱ ተምታተው ቆዩ። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ሪኮርድ በ1838 ለየብቻ መሆናቸውን አሳየ። ይህ ትልቅ ግኝት ቢሆንም አንድ መዘዝ ነበረው። የሚያስፈራው ሁሉ ለቂጥኝ ተሰጠና ጨብጥ "ቀላሉ" ሆኖ ቀረ። ቂጥኝ አፍንጫ ይበላል፣ ያሳብዳል፣ ልጅ ሆድ ውስጥ ይገድላል። ጨብጥስ? ለወንዱ የጥቂት ሳምንት ማቃጠል ነው። ሴትየዋ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማየት ግን ሆዷን መክፈት ያስፈልግ ነበር።

እስቲ ሆዷ ውስጥ ያለውን እንይ።

ከማህፀን ግራና ቀኝ ሁለት ቱቦዎች ይወጣሉ። ጣሊያናዊው አናቶሚስት ጋብርኤለ ፋሎፒዮ በ1561 ባሳተመው መጽሐፍ መለከት ይመስላሉ ብሎ ስለገለጻቸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ርዝመታቸው ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ወደ ማህፀን የሚገቡበት ጠባቡ ቦታ ውስጡ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቱቦ ስንል ዝም ብሎ ባዶ ቧንቧ እንዳይመስላችሁ። የውስጥ ግድግዳው በዓይን በማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። እነሱ እንደ ስንዴ ማሳ እየተወዛወዙ እንቁላሉን ወደ ማህፀን ይገፉታል። ጫፉ ላይ ደግሞ ጣት የመሰሉ ቅርንጫፎች አሉት፤ ከእንቁልጢ የወጣውን እንቁላል የሚቀልቡት እነሱ ናቸው። ወንዴና ሴቴ የሚገናኙት እዚህ ቱቦ ውስጥ ነው።

የጨብጥ ባክቴሪያ በማህፀን በር አልፎ እዚህ ሲደርስ ሰውነት መከላከል ይጀምራል። ግድግዳው ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል፣ ፀጉሮቹ ይረግፋሉ። ቁስሉ ሲድን እንደማንኛውም ቁስል ጠባሳ ይሠራል። እጅ ላይ ቢሆን ጠባሳ ምንም አይደለም። 1 ሚሊ ሜትር በማይሞላ ቀዳዳ ውስጥ ግን ግድግዳ ከግድግዳ ይጣበቃል፤ ጣቶቹም እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሁለቱም ቱቦዎች ሙሉ በሙሉ ከተዘጉ እርግዝና የለም። በግማሽ ከተዘጉ ደግሞ የባሰ ነገር ሊመጣ ይችላል። ትንሿ የወንድ ዘር ታልፋለች፤ የተዳቀለው እንቁላል ግን መመለሻ መንገድ አጥቶ እዚያው ቱቦ ውስጥ ይተክላል። ከማህፀን ውጭ እርግዝና የሚባለው ይኸ ነው። ቱቦው ከፈነዳ ሴትየዋ ውስጥ ለውስጥ ደሟ ፈስሶ ልትሞት ትችላለች።

ልብ በሉ፦ ይህ ሁሉ ሲሆን ባክቴሪያው ሞቶ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱን የሚያደርሰው የቀረው ጠባሳ ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የሚያውቀው አንድ ዓይነት ብልሽት አለ፤ ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳይ ዳታውን ቀስ እያለ የሚያበላሽ። ስታገኙት የተበላሸው ነገር ወራት አልፎታል፤ መንስኤውን ብታስተካክሉም የጠፋው አይመለስም። የዚህም በሽታ ጠባይ እንዲሁ ነው።

ኖገራት በተናገረ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1879፣ ማስረጃው መጣ። አልበርት ናይሰር የሚባል የ24 ዓመት ወጣት ሐኪም ብሬስላው ከተማ (የዛሬዋ ፖላንድ፣ ቭሮጽዋፍ) ውስጥ የበሽተኞችን መግል ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ፍሬ መሰል ባክቴሪያዎች አገኘ። በዚያው ጊዜ ላይፕዚግ ውስጥ ካርል ክሬዴ የሚባል የማዋለጃ ሐኪም ሌላ ችግር ይዞ ነበር። እሱ ጋ ከሚወለዱት ሕፃናት ከአስሩ የአንዱ ያህል ዓይን በጥቂት ቀናት ውስጥ መግል ይሞላ ነበር፤ ብዙዎቹ ይታወራሉ። ክሬዴ ከ1880 ጀምሮ ሕፃናቱ እንደተወለዱ ዓይናቸው ላይ የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ማድረግ ጀመረ። በሽታው ከመቶ አንድ እንኳ ወደማይሞላ ቁጥር ወረደ።

ይኼ ለሕፃናቱ መዳኛ ሆነ። ለእናቶቹ ግን መገለጫ ነበር። ሕፃኑ ጀርሙን ያገኘው ሲወለድ፣ በእናቱ የማህፀን በር ሲያልፍ ነው። እናትየዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማትም። ማህፀኗ የደበቀውን የልጇ ዓይን ተናገረ ማለት ነው። ዛሬ እኛ አገር ጤና ጣቢያ የተወለደ ሕፃን ዓይኑ ላይ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይደረግለታል። ብዙ እናት "ለዓይኑ ነው" ተብላ ትቀበላለች። የዚያች ትንሽ ቅባት ታሪክ የሚጀምረው ከላይፕዚግ ነው።

ማስረጃው ከመጣ በኋላም ዝምታው አልተሰበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአውሮፓና በአሜሪካ ሐኪሞች ዘንድ "የሕክምና ምስጢር" የሚባል ክርክር ነበር። ባል ጨብጥ እንዳለበት ለሐኪሙ ነግሮታል፤ ሊያገባ ነው፤ ወይ አግብቷል። ሐኪሙ ለሚስት ይናገር? ብዙዎቹ "የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ግዴታ ነው" ብለው ዝም አሉ። ሴትየዋ ሆዷ ተከፍቶ ቱቦዋ ወጥቶ እንኳ ለምን እንደሆነ ላይነገራት ይችላል። ኒው ዮርካዊው ሐኪም ፕሪንስ ሞሮ በ1904 ስለ እነዚህ በሽታዎችና ስለ ጋብቻ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ የተከራከረው ከዚህ ዝምታ ጋር ነው። ምስጢሩ የሚጠበቀው ለአንዱ ወገን ሲሆን ዋጋውን የሚከፍለው ሌላው ወገን ነበር።

አሁን ታሪኩ ወደ ጃቫ ደሴት ይሻገራል። በጊዜው የሆላንድ ቅኝ ግዛት፣ ዛሬ የኢንዶኔዥያ አካል የሆነችው ማለት ነው። የጨብጥን ባክቴሪያ ያገኘው ናይሰር ጦጣና ዝንጀሮ ላይ ቂጥኝን ለማጥናት አንድ ቡድን ይዞ ወደዚያ ሄዶ ነበር። በቡድኑ ውስጥ የነበሩት ሉድቪግ ሃልበርሽቴተርና ስታኒስላውስ ፕሮዋዜክ በ1907 ከትራኮማ በሽተኞች ዓይን የተጠረገ ነገር ኦራንጉታን ዓይን ላይ አደረጉና በሴሎቹ ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር አዩ፦ የሴሉን አስኳል ከጎን ታኮ የተቀመጠ፣ ካባ የለበሰ የሚመስል ክምችት። በግሪክኛ "ክላሚስ" ማለት ካባ ነው። ክላሚዲያ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ተመሳሳዩ ክምችት ጨብጥ የሌለባቸው ነገር ግን ዓይናቸው የታመመ ጨቅላዎች ላይ ታየ። ከዚያ የእናቶቻቸው የማህፀን በር ላይ። ከዚያ የአባቶቻቸው የሽንት ቧንቧ ላይ። ሰንሰለቱ እንግዲህ ቁልጭ ብሎ ነበር። ችግሩ ይህ ፍጡር የሚኖረው በሴል ውስጥ ብቻ ስለሆነ እንደሌላው ባክቴሪያ ሳህን ላይ አይበቅልም። ለአሥርተ ዓመታት ቫይረስ ነው ተብሎ ኖረ። ያበቀለው በ1957 ቤጂንግ ውስጥ ታንግ ፌይፋን የሚባል ቻይናዊ ሳይንቲስት ነው፤ በዶሮ እንቁላል አስኳል ከረጢት ውስጥ። ያበቀለው ነገር በእርግጥ ትራኮማ የሚያመጣ መሆኑን ለማረጋገጥ ገዛ ዓይኑ ላይ አስደረገው፤ ታመመም። በሚቀጥለው ዓመት በፖለቲካ ዘመቻ ሲዋከብ ራሱን አጠፋ። በ1959 ደግሞ ለንደን ላይ ተመራማሪዎች የእሱን መንገድ ተከትለው ዓይኑ ከታመመ ጨቅላ እናት የማህፀን በር ላይ ክላሚዲያን አወጡ።

ይሄን ስታነቡ ትራኮማ የሚለው ቃል ያቃጭልባችሁ ይሆናል። ማቃጨልም አለበት። በዓለም ላይ የትራኮማ ሸክም እጅግ ከከበደባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ናት፤ ከክልሎቻችን ደግሞ አማራ ክልል ክፉኛ የተጎዳ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። በልጅነት ዓይን በተደጋጋሚ ይታመማል፤ የላይኛው ቆብ ከውስጥ በኩል ይጠባበሳል፤ ጠባሳው ይሸማቀቅና ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሽፋሽፍቱ ዓይኑን ይፍቀዋል። እናቶች ወረንጦ ይዘው ለጎረቤት "እስቲ ንቀይልኝ" የሚሉት ለዚህ ነው። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ የታመሙ ልጆችን አቅፈው የሚውሉት እነሱ ናቸውና።

ዓይንን የሚያጠቃውና የመራቢያ አካልን የሚያጠቃው ክላሚዲያ ዘሩ አንድ ነው፤ ዝርያው ይለያያል እንጂ። የዓይኑ በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ሲተላለፍ የመራቢያ አካሉ በግብረ ሥጋ ይተላለፋል። የሚሠሩት ሥራ ግን አንድ ነው፦ ዘላቂ ብግነት፣ ተደጋጋሚ ቁስል፣ ጠባሳ። ቆብ ላይ ሲሆን ጠባሳው ይታያል፤ ጎረቤት በወረንጦ ይነቅላል፤ መንግሥትም አዚትሮማይሲን በየቀበሌው ያድላል። ቱቦ ውስጥ ሲሆን ማንም አያየውም። ለአንዱ ጠባሳ "ታማለች" እንላለን። ለሌላኛው "መካን ናት" እንላለን።

ጠባሳው ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር ያሳየን አንድ የስዊድን ከተማ ነው። ሉንድ ውስጥ ላሽ ቬስትሮምና ባልደረቦቹ ከ1960 እስከ 1984 ድረስ በማህፀንና በቱቦ ኢንፌክሽን ተጠርጥረው ሆስፒታል የመጡ ሴቶችን በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ መመልከቻ፣ ቱቦዎቻቸውን በዓይን አይተው ለዓመታት ተከታተሏቸው። ቱቦው ተቃጥሎ ከተገኘባቸው ሴቶች አንድ ጊዜ ብቻ የታመሙት 8 በመቶ ያህሉ በቱቦ መዘጋት ምክንያት መውለድ አልቻሉም። ሁለት ጊዜ የታመሙት ከ20 በመቶ ጋር ተቀራረቡ። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የታመሙት 40 በመቶ ደረሱ። እያንዳንዱ ዙር አደጋውን እጥፍ ያደርገዋል ማለት ነው። ከእርግዝና ጋር የሚያያዘውም ቁጥር ያስደነግጣል፦ ከታመሙት የመጀመሪያ እርግዝና 9 በመቶው ከማህፀን ውጭ ሲሆን ቱቧቸው ጤነኛ በነበረው 1.4 በመቶ ብቻ ነው። ኋላም መረጃው በሌላ መንገድ ሲተነተን፣ ሕመሙ ከጀመራቸው በኋላ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ቆይተው የመጡት ቶሎ ከመጡት ይልቅ ለመካንነት ወይም ከማህፀን ውጭ ለሚፈጠር እርግዝና ሦስት እጥፍ ያህል ተጋልጠው ተገኙ። ሦስት ቀን! "ያልፍልኛል" ብሎ ለመጠበቅ የማይረዝም ጊዜ።

እነዚህ ሴቶች ሕመም ተሰምቷቸው ሆስፒታል የመጡት ናቸው። ክላሚዲያ ከያዛቸው ሴቶች ግን አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም።

ከስዊድን ወደ አህጉራችን እንምጣ። ከጋቦንና ካሜሩን ተነስቶ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክና በሰሜን ኮንጎ አልፎ እስከ ደቡብ ሱዳን የሚደርስ አንድ ሰፊ መሬት አለ፤ የሕዝብ ቁጥር አጥኚዎች "የመካንነት ቀበቶ" ይሉታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጋቦን ውስጥ የመውለጃ ዕድሜያቸውን ከጨረሱ ሴቶች ሲሶ ያህሉ አንድም ልጅ ሳይወልዱ የቀሩ ነበሩ። የቅኝ ገዥ ባለሥልጣናት ይህን ሲያዩ የሰጡት ማብራሪያ ብዙ ነው፦ ልማዳቸው ነው፣ የትዳር ሥርዓታቸው ነው፣ ሕዝቡ ራሱ ደክሟል። የጎማ ኩባንያዎች ያደረሱትን ግፍ፣ ከቤቱ ተነቅሎ ለግዳጅ ሥራ የሚነዳውን ወንድ፣ በየመንገዱ የሰፈረውን ወታደር ግን ከማብራሪያው ውስጥ ለማስገባት አልቸኮሉም። ጨብጥ የሚሰፋው ደግሞ ልክ እንደዚህ ባለ መናወጥ ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ በአካባቢው ፔኒሲሊን በዘመቻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በብዙ ቦታ የሚወልዱ ሴቶች ቁጥር እየጨመረ መጣ። ልማዱ ሳይቀየር፣ ሕዝቡም ሳይቀየር።

ጥያቄውን በዓለም ደረጃ ያነሳው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ከ1979 ጀምሮ በ25 አገሮች ውስጥ መውለድ ያልቻሉ ባለትዳሮችን በአንድ ዓይነት መመዘኛ አስመረመረ። ልብ በሉ፣ ባለትዳሮችን ነው፤ ሁለቱንም። ውጤቱ በ1985 ሲወጣ ከሰሃራ በታች ካሉት ሴቶች 49 በመቶው ሁለቱም ቱቦዎቻቸው ተዘግተው ተገኙ። ባደጉት አገሮች ቁጥሩ 11 በመቶ ነበር። መካንነት "ከእግዜር የመጣ" ቢሆን ኖሮ በአህጉር እየለየ አይመጣም ነበር። የመጣው ካልታከመ ኢንፌክሽን ነው።

እኛ አገርስ? ልጅ ያልወለደች ሴት ምን እንደሚጠብቃት ማንም ያውቃል። "ማህፀኗ አልያዘም" ይባላል። ጠበል ትሄዳለች፣ ስለት ትሳላለች፤ እሱ ባልከፋ፤ ተስፋ ነው። ጉዳዩ ሌላ ነው። ባል ሌላ እንዲያገባ ዘመድ ይመክራል፤ ሽማግሌ ይላካል፤ እሷ ጓዟን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። በተደጋጋሚ ጽንስ የሚሞትባት ደግሞ "ሾተላይ አለባት" ትባላለች። ዛሬ ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት የእናትና የጽንስ ደም ዓይነት ያለመጣጣምን ነው። ድሮ ግን ቃሉ ልጅ እየሞተ ለሚቀር ሁሉ ይውል ነበርና፣ አንዳንዱ ሾተላይ ቂጥኝ ቢሆን አይገርምም። ያልታከመ ቂጥኝ ጽንስን ይገድላል፤ ሕፃኑ ቢወለድም ታሞ ይወለዳል። ነፍሰ ጡሮች ሁሉ በመጀመሪያ ክትትላቸው ደማቸው ለቂጥኝ መታየት ያለበት ለዚህ ነው፤ ቀድሞ ከተደረሰበት በፔኒሲሊን መርፌ ሁለቱም ይድናሉ።

በ1990 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ አዲስ አበባ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ስኮትላንዳዊቷ የማህፀን ሐኪም ኤልዛቤት ዳንከንና ባልደረቦቿ ለእርግዝና ክትትል፣ ለወሊድ መቆጣጠሪያና ለሌላ የማህፀን ጉዳይ ወደ ሕክምና የመጡ ከ2000 በላይ ሴቶችን መርምረው ነበር። ያገኙት ነገር ይኸ ነው፦ የወር አበባ ገና ሳታይ ግብረ ሥጋ የጀመረች ሴት በአባላዘር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር። ይህች ሴት ማን ናት? ብዙውን ጊዜ በ12 በ13 ዓመቷ ለአንድ ትልቅ ሰው የተዳረች ልጅ ናት። ኖገራት ከመቶ ዓመት በፊት የጻፈላት ሙሽራ ናት ማለት ይቻላል፤ የባሰ ያነሰች ልጅ ከመሆኗ በቀር። የማን ቤት እንደምትገባ አልመረጠችም። ባሏ ከዚያ በፊት የት እንደነበረ መጠየቅም አትችልም። ኋላ ላይ ካልወለደች ግን መካኗ እሷው ናት። የጋብቻ ዕድሜን 18 ያደረገው የ2000 የቤተሰብ ሕግ ስንወያይበት ብዙ ጊዜ ስለ ትምህርትና ስለ ፌስቱላ እናነሳለን፤ ይህችም ጠባሳ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ነበረባት።

ሕክምናውስ የት ደረሰ? ቱቦው ክፍት ይሁን ዝግ ሆድ ሳይከፈት ማወቅ የተቻለው በ1920 ኢሲዶር ሩቢን የሚባል ኒው ዮርካዊ ሐኪም በማህፀን በኩል ጋዝ አስገብቶ መፈተሽ ከጀመረ ወዲህ ነው። ዛሬ ቀለም ገብቶ ራጅ ይነሳል። የተዘጋውን ቱቦ በቀዶ ሕክምና ለመክፈት ብዙ ተሞከረ፤ ክፉኛ በተጠባበሰ ቱቦ ላይ ውጤቱ ደካማ ነበር። በመጨረሻ መፍትሔው ቱቦውን ዘሎ ማለፍ ሆነ። በሐምሌ 1978 እንግሊዝ ውስጥ የተወለደችው ሉዊዝ ብራውን፣ ከሰውነት ውጭ በተደረገ ጽንሰት የተወለደች የመጀመሪያዋ ሰው፣ እናቷ ለዘጠኝ ዓመት ያልወለደችው ቱቦዎቿ ተዘግተው ስለነበር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2019 የመጀመሪያውን የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ትልቅ ነገር ነው። ግን ውድና አድካሚ ሕክምና ነው፤ ቱቦው ሳይጠባበስ በፊት ቢደረስበት ኖሮ ጥቂት ኪኒን ይበቃው የነበረውን ነገር ነው የሚተካው።

"በፊት መድረስ" ይሠራል ወይ? ሲያትል ከተማ ላይ ተደርጎ ውጤቱ በ1996 የታተመ ሙከራ መልስ ሰጥቷል። ምንም የማያማቸውን፣ ለክላሚዲያ ይበልጥ የተጋለጡ ወጣት ሴቶችን ለሁለት ከፍለው አንዱን ቡድን ጠርተው መረመሩ፤ የተገኘባትን አከሙ። ሌላውን በተለመደው አሠራር ተዉት። በአንድ ዓመት ውስጥ በተመረመሩት ዘንድ የቱቦና የማህፀን ኢንፌክሽን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ሕመም እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እኛ ጋ ያለው አሠራር ከዚህ ተቃራኒ ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት አገር እንዲሠራ ታስቦ የወጣ ነው፤ ታካሚው የሚናገረውን ምልክት ሰምቶ፣ ለምልክቱ መድኃኒት መስጠት። ፈሳሽ አለኝ ካለች ለፈሳሽ፣ ቁስል ካለ ለቁስል። ብዙ ሰው አድኗል፤ ደሃ አገር ውስጥ ምክንያታዊ አሠራር ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ የተሠራው በሚናገረው በሽተኛ ላይ ነው። የማይናገረው በሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ የለውም። መድኃኒት የወሰደውም ቢሆን የትዳር ጓደኛው አብሮት ካልታከመ በወሩ ይመለሳል፤ ቬስትሮም የቆጠረው ሁለተኛው ዙር፣ ሦስተኛው ዙር፣ የሚመጣው እንዲህ ነው። በዚያ ላይ ጨብጥ በ1940ዎቹ ይታከምበት የነበረውን ፔኒሲሊን ከለመደ ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡትንም አንድ በአንድ እየለመደ ነው። ያለ ምርመራ ከፋርማሲ ኪኒን ገዝቶ መዋጥ ይህንኑ ያፋጥነዋል።

ከዜሮ ግን አንጀምርም። በዚህ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ተያይዘው ላቦራቶሪ መሄድ ነውር መሆኑ ቀርቷል። የኤች አይ ቪ ወረቀት ካልመጣ አናጋባም የሚሉ ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊዶች አሉ። ሽማግሌዎችም ይጠይቃሉ። ኖገራት በ1876 አዳራሽ ሙሉ ሐኪም ለማሳመን ያቃተውን ነገር፣ ማለትም ሁለቱም ይመርመሩ የሚለውን፣ የእኛ ሰው በአንድ ትውልድ ውስጥ ልማድ አድርጎታል። እዚያው ወረፋ ላይ እያሉ ለቂጥኝ ደም መስጠት፣ ምርመራው ባለበት ቦታ ደግሞ ለጨብጥና ለክላሚዲያ ሽንት መስጠት የተለየ ድፍረት አይጠይቅም። አንድ ዓመት ተሞክሮ ልጅ ያልመጣላቸውም ቢሆኑ የመጀመሪያው ቀጠሮ የሁለት ሰው ቀጠሮ ይሁን። የወንዱ ምርመራ ቀላልና ርካሽ ነው፤ እሷ ለራጅ ከመተኛቷ በፊት ሊያልቅ ይችላል።

አንድ ወንድ ደግሞ ለብቻው ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። በ20 ዓመቱ አቃጥሎት የተወው ነገር ካለ፣ ሚስቱን "ምን ሆነሽ ነው የማትወልጂው?" ከማለቱ በፊት ራሱ ሄዶ ይመርመር።